የደወሌው በር ወዴት ይዙር?

የመመረቂያ ርዕስ መምረጥ ሚስት እንደ መምረጥ ነው ይሉናል መምህሮቻችን። አትመኗቸው። ሚስት ስትመርጥ ቢያንስ እሷም አይታህ እንቢ የማለት መብት አላት። ርዕስ ግን ምስኪን ነው፤ ዝም ብሎ ይመጣልሃል። ታቅፈኸው ታድራለህ፣ ለወዳጅ ለዘመድ ታስተዋውቀዋለህ፣ ልክ ቤት መልመድ ሲጀምር መምህርህ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና «ይሄ አያስኬድም፣ ቀይር» ይልሃል። የአርክቴክቸር ተማሪ ሳያገባ መፋታትን የሚለምደው እንዲህ ነው።

ደግሞ ይሄ ትምህርት ሰውን አንድ ክፉ አመል ያስይዘዋል። ትንሽ ነገር ማሰብ ያስተወዋል። የዶርማችን ጣሪያ ስለሚያፈስ ባልዲ ደቅነን ነው የምንተኛው፤ ነገር ግን ከመካከላችን ጣሪያ ልጠግን ብሎ የተነሳ ሰው የለም። ሁሉም የሚነድፈው ስታዲየም ነው፣ የጉባኤ አዳራሽ ነው፣ አየር ማረፊያ ነው። ይህች አገር በተማሪ ወረቀት ላይ ያላትን አየር ማረፊያ ብታዩ፣ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ሰማይ ከየት ይመጣል ብላችሁ ትጨነቁ ነበር።

የእኔም የመጀመሪያ ርዕስ አየር ማረፊያ ነበር፤ የጅግጅጋ። ያለው አይበቃም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይበቃል። የእኔው ግን ጣሪያው የግመል ሻኛ ቅርጽ ነበረው። ቤተሰቦቼ ጅግጅጋ ናቸው፤ አያቶቻቸው በወታደርነት መጥተው እዚያው ከቀሩት ሰዎች ወገን ነን። እናቴ የዕድሯ ሰብሳቢ ስለሆነች ወሬ እሷ ዘንድ ገብቶ የሚያድርበት ጊዜ የለም። ጠዋት በስልክ ነገርኳት፤ ከሰዓት በኋላ አዝላ ያሳደገችኝ ጎረቤታችን ኢዶ ሳህራ ደወለች። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። «ዋርያ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሰጡህ አሉ፣ ማሻአላህ!» አለችኝ። ሰጡህ! ወረቀት ብቻ መሆኑን ላስረዳት ስሞክር፣ ትሕትናዬን አመስግና ልጇን በጥበቃነት እንድቀጥርላት አደራ ብላ ዘጋችው።

መምህሬ አየር ማረፊያውን ጣለው። ቀጥዬ የግመል ሙዚየም አመጣሁ። ኢዶ ሳህራ ይህንንም ሰማችና «ግመሉ በራችን እያለፈ ማን ነው ተሰልፎ ሊያየው የሚሄደው?» አለች። መምህሬም ረዘም ባለ ቋንቋ ያንኑ አለኝ። እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ዕድሩ ፊት ማስተባበያ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ልጅሽ ምን እየሠራ ነው ሲሏት «ይማራል» ብላ ወሬ ትቀይራለች አሉ። ይህን ስሰማ አፈርኩ። እናቱ የምትኮራበት አጥታ «ይማራል» የምትልለት ልጅ መሆን ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ይሄ ግን የኀፍረቴ መግቢያ ነው፤ ዋናው ገና ነው።

ሦስተኛውን ርዕስ ያመጣሁት ከልቤ ነበር። የእናቴ ወንድም አጎቴ ተፈራ ደወሌ ይሠራል፤ ትራንዚተር ነው፣ ከጅቡቲ የሚገባውን ዕቃ ጉምሩክ የሚያስጨርስ። ደወሌን ለማያውቅ ሰው፣ ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ሊሻገር ሲል ያለች የድንበር ከተማ ናት። ሙቀቷ ሰላምታ አያሰጥም። መንገደኛው፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት ሁሉም ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ ብትጠይቋቸው አንዳንዶቹ ረስተውታል። የሚጠብቁት ደግሞ የራሳቸውን ጥላ ተጠልለው ነው። እናም ጥላ ያለው፣ ውኃ ያለው፣ መስገጃ ያለው የመንገደኞች ማረፊያ ልንደፍ አልኩ። መምህሬ ርዕሱን በቃል ወደደው። «ሂድ፣ ቦታውን ለካ፣ ማኅበረሰቡን አሳትፍ» አለኝ። ማኅበረሰቡን አሳትፍ! እንዴት ያለ የሚያምር ቃል ነው። የፈጠረው ሰው ደወሌን አልረገጠም ብዬ እወራረዳለሁ።

ሄድኩ። የመረጥኩት ቦታ ድንጋይና እሾህ የሞላበት ባዶ መሬት ነው። በሐዲዱ በኩል የሐጂ ዑመር ቤት አለ፤ በአስፋልቱ በኩል የአደር ጉሌድ። አደር ማለት አጎት ነው፤ ለታላቅ ሰው ሁሉ ይባላል። መሬቱን ፍየሎች ከማቋረጣቸው በቀር ማንም ፈልጎት አያውቅም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ማታ ማታ መሐሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሻይ ይጠጡበት ነበር። ጎረቤት ብቻም አይደሉም። የሐጂ ልጅ ሆዳን ለጉሌድ ልጅ ለሊባን ታጭታለች፤ ሰርጉ ከረመዳን በኋላ ነው። ሆዳን ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ድሬዳዋ ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። የእኔ ሶማሊኛ ከገበያ ስለማያልፍ፣ የሽማግሌዎቹም አማርኛ የተሰባበረ ስለሆነ፣ ላስተርጉምልህ አለችኝ። ምስኪን! በገዛ አፏ ነው ጉዷን ያስተረጎመችው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጣል። በእኛ በኩል መሬት ላይ ሜትር አትዘርጉ። ሜትር የዘረጋ ሰው ወይ ሊሰጥ ወይ ሊነጥቅ ነው የሚመጣው፤ እንዲያው ለትምህርት ሲል ሊለካ የመጣ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እኔ ግን ዘረጋሁ። ማዕዘኖቹን በኖራ ምልክት አደረግሁ። ላቤን ጠርጌ ቀና ስል ግማሹ ደወሌ ቆሞ ያየኛል።

ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር አስቀመጡኝና ምን ሊሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ። የተማሪ ሥራ ነው፣ ወረቀት ላይ ብቻ ነው አልኩ። ሐጂ ዑመር ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲህ ወረቀት መጀመሪያ ይመጣል፣ ሲሚንቶ በኋላ ይመጣል፣ ሃዬ» አሉና ለተሰበሰበው ተረጎሙት። ምን ይባላል? ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ባቡሩ ራሱ እንዲህ ነው የመጣው። መጀመሪያ ወረቀት የያዘ ፀሐይ የመታው ልጅ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሲኖትራክ። በጀት የለውም ብዬ ብጮኽ «በጀት ከአላህ ነው» አሉኝ። አጎቴ ተፈራ በጆሮዬ፣ ሰው ሲመርቅህ አሜን በል እንጂ አትከራከር አለኝ። አሜን አልኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ ኢንጂነር ሆነ።

ቀጥሎ ማኅበረሰቡን አሳተፍኩ። ሐጂ ዑመር ቤት ገብቼ ሻይ እየጠጣሁ፣ በሩ በየት በኩል ቢሆን ይመርጣሉ አልኳቸው። በሐዲዱ በኩል አሉ፤ ማለትም በእሳቸው ቤት በኩል። በር ባለበት ሰው አለ፣ ሰው ባለበት ሱቅ አለ፤ ሐጂ ሞኝ አይደሉም። እሺ አልኩ። ከዚያ ጉሌድ ቤት ገብቼ ሌላ ሻይ እየጠጣሁ ያንኑ ጠየቅሁ። በአስፋልቱ በኩል አሉ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልክ ትሉኝ ይሆናል። አስተዳደጌ ነዋ! እናቴ ያሳደገችኝ ሽማግሌ ሲናገር እንቢ አይባልም ብላ ነው። እኛ ቤት ለታላቅ ሰው እሺ ይባልና ተወጥቶ የተፈለገው ይሠራል፤ ይህም ጨዋነት ይባላል። ደወሌ ግን በምስክር ፊት የወጣ ቃል ቃል ነው። ምስክሯ ደግሞ በሁለቱም ቤት ያስተረጎመችልኝ ሆዳን ነበረች። ሁለተኛውን እሺ ስል ቀና ብላ አየችኝ። ጨዋነቴን አድንቃ መስሎኝ ነበር።

ወደ ዩኒቨርሲቲ በተመለስኩ ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ሆዳን ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «ኢንጂነር፣ በሩን የት አደረግከው?» አለችኝ። አባቷና አማቷ ሻይ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ በሩ በእኔ በኩል ነው ሲል ሌላው የለም ኢንጂነሩ ለእኔ ነው የሰጠኝ ብሎ፣ ነገር ከነገር ተያይዞ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ተለያይተዋል። በማግሥቱ ሐጂ በኖራው ምልክት ላይ እሾህ አጠሩ። ጉሌድም በበኩላቸው አጠሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል የአገሬ ሰው፤ ደወሌ ግን በሰማይ ላለችው ላም ማን ይለባት ተብሎ ጎረቤት ተኳረፈ። ይባስ ብሎ ሰርጉ ቆመ። «ወላሂ፣ ሰርጌ የቆመው በአንተ ወረቀት ላይ ነው። እኔ የምፈልገው ሊባንን ነው፤ በርህን ውሰድልኝ» አለችኝ። ድምጿ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

ምን ላድርግ? ሁለት በር ነደፍኩ። አንዱ በሐዲድ፣ አንዱ በአስፋልት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ላክሁ። አጎቴ አሳያቸው። አሁን ደግሞ ጥያቄው፣ ዋናው የትኛው ነው፣ የጓሮውስ የትኛው ነው ሆነ። ማን ነው በጓሮ በኩል የሚኖር ሰው መባል የሚፈልግ? ጠባቸው ባሰ። ሶማሌ ደግሞ በቅጽል ስም አይታማም፤ አንካሳውን አንካሳው፣ ረጅሙን ረጅሙ ይልሃል፣ አንተም ትለምደዋለህ። ኢንጂነርነቴ ተገፈፈና «ላባ አልባብ» ተባልኩ። ሁለት በር ማለት ነው። አጎቴን እንኳ ጉምሩክ ውስጥ «የሁለት በር አጎት» ይሉት ጀመር። ሃያ ዓመት በስሙ የኖረ ሰው ነው።

በዚህ ጊዜ ነው መምህሬ የጠራኝ። ወረቀቶቼን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ ደወሌ ሩቅ ነው፣ መረጃው ሳሳ ብሏል፣ አዲስ አበባ ላይ የገበያ ማዕከል ብትሠራ ይሻላል አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቅስ ነበር። ያን ቀን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ማረፊያው ከሞተ ጠቡም ይሞታላ! ለሆዳን ደውዬ ርዕሱ ተቀይሯል ልላት አሰብኩ። መጀመሪያ ግን ለእናቴ ደወልኩ፤ መሳሳቴ እዚህ ላይ ነው። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ሰው ፊት የገባ ቃል ሰው ፊት ነው የሚወጣው፣ በስልክ የሚያስታርቅ ቴሌ ብቻ ነው፣ ሂድና በአፍህ ንገራቸው አለችኝ። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «ስንቱን ልሸፋፍንልህ?» አለች። ሄድኩ።

በመንገድ ላይ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ። ባቡሩ ቢበላሽ ብዬ ተመኘሁ። ሽማግሌዎቹ ቢታረቁና እኔን ቢረሱኝ ብዬ ተሳልኩ። ደወሌ ስደርስ አጎቴ ጣቢያው ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ ለለቅሶ ቤት የሚለብሰውን። ጋቢ በዚያ ሙቀት! ከግራሩ ሥር ሐጂ ዑመርና ወገኖቻቸው በአንድ በኩል፣ አደር ጉሌድና ወገኖቻቸው በሌላ በኩል ጀርባ ሊሰጣጡ ምንም ሳይቀራቸው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ለእኔ ባዶ ጀሪካን ተገልብጦልኛል። ሊባን ራቅ ብሎ ቆሟል። ሆዳን ከሴቶቹ ጋር ናት፤ እንድታስተረጉም ተጠራች።

ቆሜ ተናገርኩ። ማረፊያው አይሠራም፣ ድሮም የተማሪ ወረቀት ነበር፣ አሁን ወረቀቱም ተቀይሯል አልኩ። ለሐጂም ለአደር ጉሌድም እሺ ያልኩት አክብሬያቸው እንጂ ልሰጣቸው የምችለው በር ኖሮኝ አይደለም አልኩ። ፊቴ ጋለ። በዚያ ፀሐይ ላይ ከፀሐዩ የበለጠ ያቃጠለኝ የሆዳን አተረጓጎም ነበር፤ እኔ የተንተባተብኩትን ሁሉ ጥርት አድርጋ ነው የምትለው።  

ንግግሬን ስጨርስ ሐጂ ዑመር ስንት ወር ዘግተውት ወደነበረው ሰው ዞር ብለው «ጉሌድ፣ ሰማኸው?» አሉ። አደር ጉሌድ ከዘራቸውን መሬት ላይ ወጋ አድርገው «ሰማሁት» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያሳፍረኛል። ሁለቱ ሰዎች ተቀባበሉኝ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርሳል። ሐጂ ቤቴ ሻይ ጠጥቶ አሉ፤ ጉሌድ እኔም ቤት ጠጥቷል፣ ስኳር ጨምሩልኝ ብሎ አሉ። ሐጂ በወንድሜ ላይ ዋሸህ አሉኝ፤ ጉሌድ በእኔ ብቻ ቢሆን ይቅር ባልኩ፣ በሐጂ ላይ ግን እንዴት ደፈርክ አሉኝ። አለመቀራረባቸው አስቸግሯቸው ኖሮ፣ ጉሌድ ተነስተው ሐጂ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔን ለመክሰስ እንዲመቻቸው። ወገኖቻቸውም ተጠጋጉ። ትንሽ ቆይቶ ከግራሩ ሥር ያለው ወገን አንድ ብቻ ሆነ፤ በሌላው በኩል እኔና አጎቴ ቀረን።

ሶማሌ ሔር የሚለው የሽማግሌ ሕግ አለው። ተመካከሩና ፈረዱብኝ፦ አንድ የሰባ ፍየል፣ ዛሬውኑ። አጎቴ ዋስ ሆነኝና ፍየሉን አመጣ። ታረደ፣ በሩዝ ተሠራ፣ በትልቅ ሰሐን ቀረበ። እኛ ክርስቲያኖች ስለሆንን፣ ወጋችንን አክብረው ለእኔና ለአጎቴ ለብቻ ባስታ የሚሉትን ፓስታ በሙዝ አቀረቡልን። እንግዲህ ፍርዱን አስቡት፤ የተቀጣሁበት ፍየል እየሸተተኝ ሙዝ በፓስታ በላሁ። በልቼው የማላውቀው ዓይነት ምግብ አይደለም፤ ጅግጅጋ ነው ያደግኩት። የዚያን ቀኑን ግን ዓይኔን ከፍየሉ ሰሐን ሳልነቅል ነው የበላሁት።

ሐጂና ጉሌድ ከአንድ ሰሐን ይበላሉ። እየበሉም ያሙኛል። ደግሞ እኮ የሚያሙኝ በአማርኛ ነው፣ እንዳያመልጠኝ ብለው። በዚህ መሐል ሰርጉ ለመጪው ወር ይሁን ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሊባን መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። ሆዳን የሻይ ፍላስክ ይዛ መጣችና ቀዳችልኝ፤ ስትቀዳ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ላመሰግናት ይሁን ይቅርታ ልጠይቃት ግራ ገባኝ። እሷ ግን ሳልጠይቅ ስኳር ጨመረችልኝ።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። መምህሬ! ድምፁ ላይ ደስታ አለ። የገበያ ማዕከል የመረጠው ተማሪ ስለበዛ የእኔ ተሰርዟል፤ ኮሚቴው ግን የደወሌውን ማረፊያ አይቶ በጣም ወዶታል፤ ርዕስህ ጸድቋል፣ ወደ እሱ ተመለስ፣ እንዲያውም የዓመቱ ምርጥ ሊሆን ይችላል አለኝ። አስተማሪ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እናቴ ዕድር ላይ ስትናገረው ታየኝ። አፌ «እሺ» ሊል ተከፈተ።

ቀና ስል ሐጂ ዑመር ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ወደ ጉሌድ እየገፉ ነው። ሆዳን ፍላስኳን እንደያዘች ትክ ብላ ታየኛለች። ማን ነው አለችኝ፤ መምህሬ ነው አልኳት። ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «በር ነው?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ፍርሃት ድጋሚ ማየት አልፈልግም።

ለመምህሬ ደወሌ አይሆንም አልኩት። ሳቀ፤ የቀለድኩ መሰለው። ደገምኩለት። ሌላ ርዕስ አምጥቼ እስኪጸድቅ ጊዜው ሊያልፍ እንደሚችል፣ ዓመቱንም ልደግም እንደምችል አስጠነቀቀኝ። ይገባኛል አልኩት። ለእናቴ ምን እንደምላት አላውቅም፤ «ይማራል» ማለቷን መቀጠሏ ነው። መምህሬ ተቆጣ። ለክተኸዋል፣ ሰው አሳትፈሃል፣ ኮሚቴ አጽድቆታል፣ ታዲያ ቦታው አሁን ምን ችግር ገጠመው አለኝ።

«ሰላም ወርዶበታል» አልኩት።